ቃፊሩ

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ የሚያወርደውን የማኪና ግርግር መንገድ የሚያውቅ ሰው ስሙ ከምን እንደመጣ አይጠፋውም። ግራና ቀኝ በየደጃፉ የተቀመጡት የልብስ ሰፊዎች መኪና በአንድ ላይ ሲነሣ መንገዱ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። እኔ ግን ያን መንገድ ባሰብሁ ቁጥር ከስፌት መኪናው ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ይሰማኛል፤ ኪቦርድ ላይ እንደ በረዶ የሚወርድ የጣቶች ድምፅ። ዛሬ ላጫውታችሁ የወደድሁት ስለዚያ ድምፅ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. ነው። ከመንገዱ ገባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች የተደረደሩባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ቀን ቀን ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ ይጻፍባታል፤ ማታ ማታ ከትምህርት ቤት የተመለስን ጎረምሶች በሰዓት እየከፈልን እንጫወትባታለን። አብዛኛው ልጅ የሚመርጠው ኳስ ነበር። እኔና ጓደኛዬ ግን አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ባመጣው የተቀዳ ሲዲ ተይዘን ቀረን። የጨዋታው ስም ስታርክራፍት ይባላል።

ለማያውቁት ጥቂት ላስረዳ። ስታርክራፍትን ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከምድር እጅግ በራቀ የከዋክብት ዳርቻ ሦስት ወገኖች ይዋጋሉ፤ ከምድር ተግዘው የሄዱ የሰው ልጆች ዘሮች የሆኑት ቴራኖች፣ እንደ አንበጣ እየተርመሰመሰ በአንድ አእምሮ የሚታዘዘው የዜርግ መንጋ፣ በዕውቀትም በዕድሜም የገፉት ኩሩዎቹ ፕሮቶሶች። ገበጣ ወይም ቼዝ ስትጫወት ባላጋራህ ተራህን ይጠብቅልሃል። እዚህ ግን ተራ የሚባል ነገር የለም፤ አንተ ስታስብ ጠላትህ እየሠራ ነው። ሠራተኞችህ ማዕድን ይፈልጣሉ፣ ጋዝ ይቀዳሉ፤ በዚያ ቤት ትሠራለህ፣ ጦር ታሰለጥናለህ፣ ትዘምታለህ። የሦስቱ ወገኖች ጠባይ ፈጽሞ አይገናኝም፤ ሆኖም አንዱ በጉልበት የሚያገኘውን ሌላው በፍጥነት፣ ሦስተኛው በብልሃት ስለሚያገኘው ሚዛኑ አይወድቅም። ደቡብ ኮርያውያን ይህን ጨዋታ እንጀራ እስከማድረግ ደርሰው፣ ውድድሩ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ፣ ተጫዋቹም ደመወዝተኛ የሆነበት ምክንያት አንዱ ይኸው ሚዛን ይመስለኛል።

እኔ ሁልጊዜ ቴራን ነበርሁ፤ ጓደኛዬ ሁልጊዜ ዜርግ። ይህ የጠባያችንም ልዩነት ነበር። እኔ አጥሬን ሳልጨርስ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። እሱ ግን ገና ጨዋታው ሲጀመር ስለ ቤቱ ሳይሆን ከጨለማው ወዲያ ስላለው ነገር ነው የሚያስበው።

ጊደር መጋላ ሥጋ ተራ የቆመ ሰው ጭልፊቶቹን አይቷል። ከላይ ሆነው ይዞራሉ፤ ገበያተኛውን፣ ዳሱን፣ ቅርጫቱን ሁሉ በአንድ ዓይን ያያሉ፤ ድንገት ተወርውረው ከሰው እጅ ሥጋ ነጥቀው ይመለሳሉ። ስታርክራፍትን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትሁ ቀን ትዝ ያሉኝ እነርሱ ናቸው። ተጫዋቹ ዓለምን የሚያየው እንደ ጭልፊት ከላይ ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ሰው ፊት የለውም። አንድ ወታደር 50 ማዕድን ነው፤ አንድ ሠራተኛም 50 ማዕድን ነው። ሲሞት ትንሽ ይጮኻል፣ አንተም ሌላ ታዝዛለህ። በዚያ ዕድሜዬ ይህ ነገር አንድም ቀን አላስጨነቀኝም።

ግንብን በተመለከተ ግን ብዙ ተከራክረናል። የቴራን ተጫዋች ወደ ሰፈሩ በምትወስደው ጠባብ መግቢያ ላይ ቤቶቹን ገጣጥሞ ከሠራ የዜርግ መንጋ በእግር አይገባም። እኔ በዚህ ጥበብ እመካ ነበር። «የጁገል ልጅ ነኝ፤ ግንብ ከእኔ ወዲያ ላሣር!» እለዋለሁ። እሱ ይስቅብኛል። «የጁገልን ግንብ መች አየኸውና» አለኝ አንድ ቀን። «ጅቡ በየት በኩል እንደሚገባ ረሳኸው?»

እውነቱን ነበር። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት፤ ከበሮቹ ሌላ ደግሞ ከሥሩ ለጅብ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉት። ሌሊት ጅቡ በዚያ ገብቶ የከተማይቱን ጥራጊና አጥንት ለቅሞ ይወጣል። በአሹራ ቀን ደግሞ በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብለታል፤ አበላሉም ታይቶ ስለ መጪው ዘመን ይተነበያል። ግንቡን የሠሩት ሰዎች ሁሉን የሚዘጋ አጥር ከተማን እንደሚያፍን ያወቁ ይመስለኛል። ደግሞም ግንብ ብቻውን ከተማ አያድንም። የሐረር ዕጣ በጥር 1879 ዓ.ም. የተቆረጠው ከግንቡ ሥር ሳይሆን ርቆ ጨለንቆ ላይ ነው። ጓደኛዬም ግንቤን ለማፍረስ ጊዜ አያጠፋም ነበር፤ ክንፍ ያላቸውን አውሬዎቹን በሰማይ ይዟቸው ይመጣል። የጨዋታው ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለተኛውን ስታርክራፍት ሲያወጡ የቴራን ቤት ወደ መሬት ዝቅ ብሎ የራስን ወገን እንዲያሳልፍ አደረጉት። ይህን ባየሁ ጊዜ የጅቡ ቀዳዳ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሣቅሁ።

ሌላው ትምህርት የማዕድኑ ነበር። እያንዳንዱ የማዕድን ክምር 1500 ይይዛል፤ ሠራተኛው በየምልልሱ 8 ይዞ ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ የማያልቅ ይመስላል። ከዚያ አንዱ ክምር ይጠፋል፣ ሁለተኛው ይከተላል፣ ሠራተኞችህ ሥራ ፈትተው ይቆማሉ። ያን ጊዜ ያለህ ምርጫ አንድ ነው፤ ሄደህ ሌላ ስፍራ መስፈር። ያልሄደ ይሞታል።

እኛ ይህን በስክሪን ላይ ስንማር የሐሮማያ ሐይቅ እየደረቀ ነበር። ሐረር ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከዚያ ሐይቅ ነው። ውኃው ለከተማ ተሳበ፣ ለጫትና ለአትክልት ማሳ ተሳበ፣ ከየተራራው የወረደው ደለል ሆዱን ሞላው፤ በ1997 ዓ.ም. ግድም ጀልባ ይንሳፈፍበት የነበረው ስፍራ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ዳግም ውኃ መያዙን አይቼ ደስ ብሎኛል፤ የዚያን ጊዜ ግን ቢጫ ጀሪካን ተሸክመን ሰልፍ እንቆም ነበር። ጓደኛዬ ሰልፍ ላይ ሆኖ፣ «ማዕድኑ አልቋል፤ ሌላ ሰፈር መያዝ አለብን» ይለኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉሙ ልምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ምክንያት እርሱ ነውና። ጨዋታው ሲጀመር ካርታው ጥቁር ነው። ከሰፈርህ ዙሪያ በቀር የሚታይ የለም። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ከሠራተኞችህ አንዱን ቃፊር አድርገህ ወደ ጨለማው ትልከዋለህ። መሣሪያ የሚባል የለውም፤ ሥራው መሄድና ማየት ብቻ ነው። ያለፈበት ስፍራ ሁሉ ይበራል። ካለፈ በኋላ ግን ስፍራው ዳግም ጥቁር አይሆንም፤ በግራጫ ጉም ይሸፈናል። መሬቱ ይታይሃል፤ ያየኸውም የጠላት ቤት በቦታው ቆሞ ይታይሃል። ዳሩ ግን የምታየው ቃፊሩ ባየበት ሰዓት የነበረውን ነው። ያ ቤት ከዚያ ወዲህ ፈርሶ፣ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ዳግም ዓይን እስክትልክ ድረስ ካርታህ ትናንትን ዛሬ ነው ብሎ ያሳይሃል። ቃፊሩስ? ብዙውን ጊዜ አይመለስም። 50 ማዕድን ነው።

በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በአንድ ዓርብ ማታ፣ እንደ ወትሮው ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንጫወት ጓደኛዬ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ «ሰኞ እሄዳለሁ» አለኝ። «በጅጅጋ አድርገን ሐርጌሳ፣ ከሐርጌሳ ቦሳሶ፣ ከዚያ በጀልባ የመን። ለማንም እንዳትናገር።»

ምን እንዳልሁት ልንገራችሁ? «ከኋላህ እየመጣሁብህ ነው» አልሁት። ከዚያ በቀር የመለስሁለት ቃል የለም። የዚያን ማታ ግንቤን በቅጡ አልሠራሁም፤ እጄ አልታዘዘኝም። እሱ አሸነፈ። ሒሳቡን ከፈለ፤ ማኪና ግርግርን ወርደን ጊደር መጋላ ላይ ተለያየን። ከቦሳሶ አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።

እናቱ በጊደር መጋላ ቅመም ይሸጣሉ። ከሄደ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ላንተ ምንም አላለህም?» ይሉኝ ነበር። «ምንም አላለኝም እማማ» እላለሁ። አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ሁለተኛውን ይደግማል፤ ከዚያ ወዲያ እውነቱን መናገር ውሸቱን ሁሉ መናገር ስለሚሆን ይከብዳል። ኋላም ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሄድሁ፤ ሥራ ያዝሁ፤ ሐረር ስመጣም በሌላ መንገድ ዞሬ ማለፍ ለመድሁ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ኩባንያው የመጀመሪያውን ስታርክራፍት በነፃ ለቀቀው። አንድ ሌሊት አወረድሁትና ከፈትሁት። ሙዚቃው ሲጀምር የዚያች ክፍል ሽታ መጣብኝ። ጨዋታው ጀመረ፤ እንደ ልማዴ አንዱን ሠራተኛ ወደ ጨለማው ላክሁ። ሄደ፣ ሄደ፣ ከጠላት ሰፈር ደረሰ፣ ተከበበ። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 አልፋስታር የተባለው ሰው ሠራሽ አእምሮ የተመሰከረላቸውን የስታርክራፍት ሁለት ተጫዋቾች ማሸነፉ በተነገረ ጊዜ ብዙ ሰው ስለ ፍጥነቱና ስለ ስሌቱ ተናገረ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ዕውቀት ያለው መኪና እንኳ ከጉሙ ወዲያ ያለውን ለማወቅ እንደኛው ቃፊር መላክ ነበረበት።

ባለፈው ጥር ሐረር ሄድሁ። በዚህ ጊዜ አልዞርሁም። በማኪና ግርግር ወርጄ ጊደር መጋላ ገባሁ። እማማ ከቅመማቸው ኋላ ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል። እኔ በልቤ ይዣቸው የኖርሁት ግን የያኔዋን ሴት ነበር። ጉሙ በእኔም ላይ እንደሠራ ያን ጊዜ ገባኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ «እማማ፣ ነግሮኝ ነበር። ዓርብ ማታ ነግሮኝ ነበር። ብናገር ይቀር ነበር» አልኋቸው።

ለአንዲት ገበያተኛ እርድ እየሰፈሩ ነበር። ሰፍረው ጨረሱ፤ ገንዘቡን ተቀበሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንቁን ማን የቋጠረለት ይመስልሃል?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ።

«አባቱ እንዳይሰማ ነው ዝም ያልሁት። አንተን የምጠይቅህ መሄዱን ታውቅ እንደሆነ አልነበረም። መሄዱንማ እኔም አውቃለሁ። ሌላ ያለህ ነገር ካለ ብዬ ነው፤ ለእኔ ያላለኝ።» ጥቂት ዝም ብለው፣ «ያን ማታ ምን ስትሠሩ ነበር?» አሉ።

«ስንጫወት ነበር። ያቺ ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒውተር ላይ።»

«እሺ፣ ማን አሸነፈ?»

«እሱ።»

«እሱ አሸነፈ?»

«አዎ እማማ። በሰማይ መጥቶ አሸነፈኝ።»

ፊታቸው በራ። እንዴት አድርጎ እንዳሸነፈ ጠየቁኝ። እኔም ስለ ግንቡ፣ ስለ መንጋው፣ ክንፍ ስላላቸው አውሬዎች የማስታውሰውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋቸው፤ ግማሹ አልገባቸውም፣ ግን አላቋረጡኝም። ገበያተኛ ሲመጣ እየሰፈሩ፣ ሲሄድ «ከዚያስ?» እያሉ እስኪመሽ አቆዩኝ።