ሰጎኗና ቀይ ቀበሮው

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ራሳችን ጥፋት ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕ ሲከፈት የማይገባበት ነገር አልነበረም። ከጸሎት ርዕስ ሥር የዝንጀሮ ቪዲዮ፣ ከጾም ጸሎት ማስታወቂያ ቀጥሎ ቀልድ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ ወጣት በእርሳስ የሳለው የዘማሪ ሥዕል ይመጣል። ይህ ወጣት የሚወዳቸውን ዘማሪዎች እየሳለ ይለጥፋል፤ እጁ የተባረከ ነው። ሽማግሌዎች ሲያጉረመርሙ እኛ "ተዉአቸው፣ ልጆች ናቸው" እንል ነበር።

አንድ እሑድ ግን ልጁ እኛን ሳለ። መድረክ ላይ ቆመን፣ እጃችንን ዘርግተን "በመጨረሻም" እንላለን፤ ከፊታችን የተቀመጡት ወጣቶች ሁሉ ፀጉራቸው ሸብቶ ጢማቸው ወለል ነክቷል። የስብከታችንን ርዝመት የሚያውቅ ሰው ልጁን አይፈርድበትም። እኛም ቤታችን ሆነን ስናየው ስቀናል።

በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ግን አልሳቅንም። በዚያው ሳምንት ደንብ አወጣን፤ ከእንግዲህ የሚለጠፈው የእግዚአብሔር ቃል፣ የጸሎት ርዕስና ማስታወቂያ ብቻ ነው አልን። ምክንያቱን ስንጽፍ "ለኅብረቱ ቅድስና" ብለናል። ቅድስና አልነበረም፤ ክብራችን ተነክቶ ነው።

ልጁ "እሺ መጋቢ፣ ይቅርታ" አለና ዝም አለ። ግሩፑም ጸጥ አለ። ጸጥታውን መንፈሳዊነት መሰለን።

ከወራት በኋላ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ አንዲት እናታችንን ልንጠይቅ ሄድን። በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽኑ ጋር ለሰዓታት ታስረው ይውላሉ። ቃል አካፍለን፣ ጸልየን ልንነሣ ስንል ስልካቸውን ከትራስ ሥር አወጡ። "እስቲ ይህን እዩልኝ ልጆቼ።" ቀይ ቀበሮ ነው፤ አበባ እየላሰ አፍንጫው በቢጫ ዱቄት ተነስንሷል። "ማር ሲሰርቅ የተያዘ ልጅ አይመስልም?" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ማን እንደላከው ጠየቅን። ያ ልጅ ነበር። እጥበት ባለባቸው ቀናት ሁሉ ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ይልክላቸዋል፤ እንስሳ፣ ቀልድ፣ ወይም የራሱን ሥዕል።

"ቃሉን ሁላችሁም ላካችሁልኝ፣ ተባረኩ። ይሄ ልጅ ግን ማሽኑን ያስረሳኛል" አሉ።

በኮምፒውተር የተቀነባበረ ፎቶ ስለበዛ መጀመሪያ ተጠራጥረን ነበር። ልጁ ግን ከየት እንዳገኘው ከሥሩ ጽፎላቸዋል። እውነት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 በባሌ ተራሮች ያጠኑ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ነገር ነው። አይጥና ፍልፈል እያደነ የሚኖረው ይህ አውሬ፣ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ ከሚቆም ቀይና ቢጫ አበባ ጣፋጩን ፈሳሽ ይልሳል፤ አንዳንዱ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ድረስ ያዳርሳል። አፍንጫው ላይ የተጣበቀውን የአበባ ዱቄትም ወደ ሌላው አበባ ሳያደርስ አይቀርም፤ የንብ ሥራ ማለት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 ያነሱ ናቸው፤ እነሱም በአገራችን ተራሮች ላይ ብቻ።

ሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ስለ ኢዮብ መጽሐፍ ረጅም ጽሑፍ አቅርበናል፤ ስለ መከራ፣ ስለ እግዚአብሔር ፍትሕ፣ ስለ ሦስቱ ወዳጆች ክርክር። ሰጎኗን ግን አንድም ቦታ አልጠቀስናትም። ከሆስፒታል በተመለስንበት ምሽት ምዕራፍ 38ንና 39ን እንደ ገና አነበብን። ልጆቹን የቀበረ፣ ገላው የቆሰለ ሰው "ለምን?" ብሎ ሲጮኽ እግዚአብሔር የለምኑን መልስ አልሰጠውም። የበረሃ ፍየል መቼ እንደምትወልድ ጠየቀው፤ የሜዳ አህያውን፣ ፈረሱን፣ ንስሩን አሳየው። በመካከል ሰጎን ትመጣለች፤ እንቁላሏን መሬት ላይ ትታ "እግር ይሰብረው ይሆን" ብላ የማታስብ ሞኝ፣ ስትሮጥ ግን በፈረሱም በጋላቢውም የምትስቅ። ይህን ክፍል ፊትን አጨፍግጎ ማንበብ ይቻላል፤ እኛ ከሃያ ዓመት በላይ እንዲያ አንብበነዋል።

ሁሉም ነገር ይለጠፍ አላልንም። ሰውን በብሔሩ ወይም በአካሉ የሚያሳፍር ቀልድ ዛሬም እናወጣለን። ሐሰተኛ ፎቶ ለጥፎ "የጌታ ሥራ ነው፣ አሜን በሉ" ማለትም ያው ነው፤ ኢዮብ ወዳጆቹን ለእግዚአብሔር ጥብቅና ብላችሁ ትዋሻላችሁ ወይ ብሎ የገሠጸበት ነገር (ኢዮብ 13፥7)።

ልጁን ወደ ቢሮ አልጠራነውም፤ ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ደንቡንም አነሣን። ያንን የእኛን ሥዕል እንዲልክልን ስንለምነው ግን አንገቱን ደፋ። ደንቡ የወጣ ዕለት ወረቀቱን ቀዶ ከስልኩም አጥፍቶታል። እኛም ከስልካችን አጥፍተነዋል።

እስካሁን ግሩፑ ላይ ምንም አልለጠፈም። ለእናታችን ግን ባለፈው ማክሰኞ ጉሬዛ ልኮላቸዋል።