እኛ ሠራናት

በመኝታ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ፣ በመዝገበ ቃላትና በታሪክ መጻሕፍት መካከል፣ ርዝመቷ 16 ሴንቲሜትር የሆነ አንዲት ቮልስዋገን ቆማለች። የኋላ ጎማዎቿ ወፋፍራም፣ የፊቶቹ ግን ቀጫጭን ናቸው። ጓደኞቻችን ገብተው ባዩአት ቁጥር «የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በዚህ ዕድሜያችሁ በአሻንጉሊት ትጫወታላችሁን?» እያሉ ይሥቁብናል። እስካሁን አብረን ሥቀን እናልፍ ነበር። ዛሬ ግን መልስ ለመስጠት ፈለግን። በመልሱም ውስጥ አንድ ያልተከፈለ ዕዳ ስላለበት፣ አንባቢ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምናለን።

እኛ ሦስታችንም ያደግነው የካ ውስጥ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወደ እንጦጦ በሚወጣው አቀበት ነው። የዚያ ሰፈር ልጅ መኪና መሥራት የሚጀምረው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ለአካሉ ሽቦና የዘይት ቆርቆሮ፣ ለጎማው ቆርኪ ወይም ካረጀ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ሶል ይበቃል። ትልልቆቹ ደግሞ ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለምነው ከሳንቃ ሥር ይገጥሙና፣ በላዩ ተቀምጠው ቁልቁለቱን ይለቁታል። ሞተሩ ተራራው ነው፤ ፍሬኑም የእግር ተረከዝ። አንድ ሕግ ብቻ ነበረን፤ ይኸውም ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ከእንጦጦ ሲወርዱ የታዩ እንደ ሆነ፣ ሁሉም ኩሽኔታውን ከመንገድ እንዲያወጣ ነው።

ከመካከላችን በዚህ ሥራ ሁላችንን የሚበልጥ አንድ ልጅ ነበር። ስሙን የማንጽፈው በመጨረሻ በምንገልጸው ምክንያት ነው። እርሱ የሠራት መኪና «ኤንትሬ» ነበረች፤ የአገር ቤት መንገድ ሁሉ የሚያውቃት የፊያት የጭነት መኪና አምሳያ። ባሌስትራዋ ከሰርዲን ቆርቆሮ ተቆርጦ የተነባበረ ነው። ቆሞ የሚነዳበት ረጅም የሽቦ መሪ ነበራት፤ መሪው ሲዞር የፊት ጎማዎቿ በእውነት ይዞሩ ነበር። የእኛ መኪናዎች በእግር እየተገፉ ሲታጠፉ፣ የእርሱ ግን ራሷ ትታጠፍ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን በትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ተደረገ። በዚያ ቀን ጓደኛችን አልመጣም። እናቱ ታመው ስለ ነበር፣ በእርሳቸው ፋንታ ቅጠል ሊያወርድ ወደ እንጦጦ ወጥቶ ነበር። መኪናይቱ ግን ከዋዜማው ጀምሮ ከእኛ ዘንድ ነበረች። መምህሩ «ይህችን ማን ሠራት?» ብለው ሲጠይቁ፣ እርስ በርሳችን ተያየንና «እኛ ሠራናት» አልን። ሽልማቱ አንድ ደርዘን ደብተር ነበር። ለሦስት ተካፍለን አራት አራት ደረሰን። ለአራት ብንካፈለው ሦስት ሦስት ይደርሰን እንደ ነበር ሒሳቡን አላጣነውም። በማግሥቱ ሲመጣ «መሪው ሠራ?» ብሎ ብቻ ጠየቀን። «ሠራ» አልነው። ዓመቱ ሲያልቅ እርሱ ትምህርቱን ትቶ ላሜራ ቤት ገባ፤ እኛ ቀጠልን።

ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ከአሜሪካ የተመለሰ አንድ ዘመድ፣ ተገጣጣሚ የሽቅድምድም መኪና ያለበት ሣጥን አመጣልን። ስለ አመጣጡ ማንበብ ጀመርን። በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች እንደ 1932ቱ ፎርድ ያለ አሮጌ መኪና በርካሽ ይገዙና፣ ፓራፋንጎውን ነቅለው፣ ሞተሩን በኃይለኛ ለውጠው በደረቀ ሐይቅ ሜዳ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። መኪናዎቹ ሆት ሮድ ተባሉ። ከዚያም ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ከቆሙበት ተነሥተው 402 ሜትር ያህል የሚፈተለኩበት የድራግ ውድድር አደገ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 የአገሪቱ ማኅበር ተቋቋመለት። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ኤ.ኤም.ቲ. የተባለ ኩባንያ፣ አንዱ የፕላስቲክ መኪና በሦስት መልክ የሚገጠምበትን ሣጥን አወጣ፤ ከፋብሪካ እንደ ወጣ፣ እንደ ገጣጣሚው ምርጫ፣ ወይም ለሽቅድምድም። ልኩ 1 በ25 ነው፤ ማለት እውነተኛይቱ መኪና ከሞዴሏ 25 እጥፍ ትረዝማለች። ከተጣለ ነገር ፈጣን ነገር ማውጣት ግን ምናለሽ ተራም የፈረንሳይ ቁልቁለትም የሚያውቀው ስለ ሆነ፣ ነገሩ እንግዳ አልሆነብንም።

እኛም ከሣጥን ሳይሆን ከቆርቆሮ ልንሠራ ተነሣን። የመረጥነው ቮልስን ነው። ሞተሯ ከኋላ ስለ ሆነ ክብደቱ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ ስትነሣም ጎማዎቹ መሬቱን ይቆነጥጣሉ። በእውነተኛይቱ ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት 2,400 ሚሊሜትር ነው፤ በእኛይቱ 96 ሆነ። ለጭስ ማውጫ የእስክሪፕቶ ቀፎ፣ ለካንዴላ ገመድ ከስልክ ሽቦ የተፈተለ መዳብ፣ ለሚያብረቀርቀው ሁሉ የማስቲካ ወረቀት ተጠቀምን። ቀለሙ የጥፍር ቀለም ነው። በዚህ ልክ ግማሽ ሚሊሜትር የወፈረ ቀለም በእውነተኛ መኪና ላይ 12 ሚሊሜትር ተኩል ማለት ስለ ሆነ፣ ሁለት ጊዜ ፍቀን እንደገና ቀባን። በሞተሩ ላይ አየር በኃይል የሚያስገባ መንፊያም ጨመርንበት። ይህ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ሞተር ያለ መንፊያ ይደክማል።

ሁሉም አልቆ ጠረጴዛ ላይ ስናቆማት፣ በሦስት ጎማ ብቻ ቆመች። አራተኛው በአየር ላይ ቀረ። አንድ ሳምንት ስንጠመዝዛት ከረምን፤ ባሰባት። በመጨረሻ ማን ሊያቃናት እንደሚችል ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ስሙን ለመጥራት ግን ማንም አልደፈረም።

በሾላ ገበያ አጠገብ ባለው ላሜራ ቤት አገኘነው። በአንድ ከተማ እየኖርን አራት ዓመት ሳንጠይቀው ቀርተናል። መኪናይቱን ተቀብሎ በጣቱ ገፋ አደረጋት።

«ትሄዳለች?» አለ።

«ለመታየት ናት እንጂ» አልን።

«መኪና ናት ወይስ ፎቶግራፍ?»

ከዚያም ጥፋታችንን አሳየን። ሻሲውን ስንበይድ አንዱን ማዕዘን ጨርሰን ወደ ሌላው እንሄድ ነበር፤ እሳቱም ቆርቆሮውን ወደ አንድ ወገን ሳበው። እርሱ ብየዳውን አቅልጦ ፈታው፤ በመስታወት ላይ አስተኝቶ አራቱን ማዕዘን ነጥብ ነጥብ አደረገ፤ ቀጥሎ በተቃራኒ ማዕዘን እያፈራረቀ በየደ። ሻይ ሳይበርድ አራቱም ጎማ መሬት ነካ።

ያን ጊዜ ስለ ደብተሮቹ ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማንና «አውቃለሁ፤ ‹እኛ ሠራናት› ማለታችሁን ልጆች ያን ዕለት ነግረውኛል» አለ። ፒንሳውን አስቀመጠ። «ደስ ብሎኝ ነበር። ‹እኛ› ስትሉ እኔንም የቆጠራችሁኝ መስሎኝ። የደብተሩን አከፋፈል የሰማሁት ኋላ ነው።»

የምንመልሰው አጣን።

በታሪክ እንደ ተማርነው፣ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል እየነዳ አዲስ አበባ ገብቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ያበረከተው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። እኛ በክፍል ውስጥ ይህን አዋጅ ስናደንቅ፣ ከሰዳቢዎቹ ወገን ነን ብለን አስበን አናውቅም። ማንንም ቀጥቃጭ ብለን አልሰደብንምና። ነገር ግን የሠራውን እጅ ሳይሰድቡ መናቅ ይቻላል፤ ስሙን አለመጥራት ይበቃል። የተማርን ነን የምንል ሰዎች በየጽሑፋችን «እኛ» ማለት እንወዳለን። በዚያች ቃል ውስጥ ማን እንዳለና ማን እንደ ቀረ ግን አንቆጥርም። እነሆ ይህም ጽሑፍ «እኛ» እያለ እዚህ ደረሰ፤ እርሱን ገና አልጨመረም።

በመጽሔታችን ስሙን እናወጣ ዘንድ ስንለምነው ሣቀ። በሲሚንቶው ወለል ላይ ቮልሷን ለቀቃትና ተመለከታት። ሁለት ሜትር ያህል ቀጥ ብላ ሄዳ ወደ ግራ ታጠፈች።

«መጀመሪያ ቀጥ ብላ ትሂድ» አለ፤ «ስሜን ያን ጊዜ ትጽፋላችሁ።»

ስለዚህ አልጻፍነውም። ጠረጴዛችን ላይ ከመኪናይቱ ሥር ያለው ካርድ አራት መስመር አለው፤ ሦስቱ ተጽፈዋል፤ የመጀመሪያው ባዶ ነው። የፊት አክሰሉ ገና ይቀራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዘናት ወደ ሾላ እንሄዳለን።