ባለቤቱ ብዙ የሆነ ኮረብታ

በጥቅምት የሸዋ ደጋ እርጥበቱ ገና አልለቀቀውም። ገብሱ እያሸተ፣ ጤፉ ዛላውን እየደፋ፣ የመስኩ ሣር ገና ለምለም ነው። በሰሜን ካሊፎርኒያ ግን ጥቅምት የድርቀት መጨረሻ ነው። ዝናባቸው ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚጥል በመሆኑ ምድሩ ደህና ዝናብ ካየ ወራት አልፎታል። ከሳን ሆዜ ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ኮረብታው ሁሉ የገለባ ቀለም ለብሷል፤ ጥቁር አረንጓዴ የሆኑት የኦክ ዛፎች እዚህም እዚያም ጥላቸውን ጥለው ቆመዋል።

ራንቾ ሳን አንቶኒዮ ወደሚባለው ጥብቅ ስፍራ የሄድነው እቴቴን ይዘን ነው። እቴቴ አክስቴ ናቸው፤ አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደብረ ብርሃን መጥተው አፓርታማ ውስጥ ከርመዋል። ፓርኪንጉ በሰንበት ቀን ቶሎ ስለሚሞላ ማልደን ደረስን። እቴቴ ከመኪናው እንደወረዱ ወደ መንገዱ ዳር ሄዱና አንድ የደረቀ የሣር ዘለላ ቀንጥሰው በመዳፋቸው አሹት።

«ይሄ ሲናር ነው!» አሉ። «እኛ ከስንዴ መሐል እየነቀልን የምንጥለውን እነዚህ አገር አለበሱት?»

ትክክል ናቸው። ኮረብታውን ወርቃማ የሚያስመስለው አብዛኛው ሣር የሲናር ወገን ነው፤ ደግሞም የአገሩ ተወላጅ አይደለም። ስፔኖች ከ1769 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚህ ጠረፍ ሲሰፍሩ ከከብቶቻቸውና ከእህላቸው ጋር ከሜዲትራኒያን ዳርቻ መጥቶ ተዛመተ። ዓመቱን ሙሉ ሥሩ የማይሞተውን የቀድሞውን ሣር አስለቅቆ ራሱ ተተካ። በዝናቡ ወራት ይበቅላል፣ ዝናቡ ሲያቆም ዘሩን አራግፎ ይሞታል፣ የሚቀረው ገለባ ነው። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው የካሊፎርኒያ መጸው እንግዲህ በአመዛኙ የእንግዳ ሣር ሥራ ነው።

እቴቴ ቀጥለው የጠየቁት ስንት እንደሚከፈል ነበር። በነጻ ነው ስንላቸው አላመኑንም፤ «ባለቤቱ ማን ሆኖ?» አሉ። ጥያቄያቸው እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዛሬ ሲሊከን ቫሊ የሚባለው ሸለቆ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የአፕሪኮትና የፕለም እርሻ ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እርሻው እየተነቀለ ቤትና ፋብሪካ ሲበቅልበት ነዋሪው ቀጥሎ የሚሄደው ኮረብታው እንደሆነ አየ። በ1972 በምርጫ ካርድ ላይ ጥያቄው ቀረበለትና ሚድፔኒንሱላ ሪጅናል ኦፕን ስፔስ ዲስትሪክት የሚባል የሕዝብ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ሰዉ አሳጥሮ ሚድፔን ይለዋል። ሥራው ከቤትና ከመሬት ግብር በሚደርሰው ድርሻ መሬት እየገዛ ሳይገነባበት ማቆየት፣ የሚቻለውንም ለእግረኛ መክፈት ነው። በ2014 ደግሞ መራጩ ለዚሁ ሥራ የ300 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቀ፤ ይህ የሚያልፈው ከሦስት ሁለቱ እጅ ሲስማማ ብቻ ነው። ዛሬ በሚድፔን እጅ ያለው መሬት ከ70,000 ኤከር ይበልጣል፤ በእኛ ልክ ከ28,000 ሄክታር በላይ መሆኑ ነው። ይህን መሬት ለግንባታ ቢሸጡት የሚያወጣውን ዋጋ በዚያ አካባቢ ቤት የተከራየ ሰው ሁሉ መገመት አያቅተውም። እኔን የነካኝ ይኸው ነው፦ ከዓለም ውድ መሬቶች በአንዱ ላይ የተቀመጠ ሕዝብ እጁን አውጥቶ «ይህ አይሸጥም» ማለቱ።

መንገዱ ሜዳማ በመሆኑ እቴቴ ሳይደክሙ ተራመዱ። አንድ ትልቅ ኦክ ሥር ስንደርስ ግንዱን አስተዋልኩት። ከታች እስከ ላይ ተበሳስቷል፤ በየቀዳዳው አንዳንድ የኦክ ፍሬ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሰክቶ ክቡ ታችኛው ክፍል ብቻ ይታያል። በጣቴ ልነቅለው ሞክሬ አልነቃነቅ አለኝ። ይህን የሚሠራው አናቱ ቀይ፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ የሆነ ግንደ ቆርቁር ነው። በመጸው ፍሬው ሲበስል ቤተሰቡ በሙሉ ይሠማራል፤ ለእያንዳንዱ ፍሬ ልኩ የሆነ ቀዳዳ ይፈልግለታል፤ ፍሬው ደርቆ ሲኮማተርና ሲላላ ደግሞ አውጥቶ ወደ ጠባብ ቀዳዳ ያዛውረዋል። በአንድ ዛፍ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቀዳዳ ሊኖር ይችላል፤ የአንድ ትውልድም ሥራ አይደለም፤ ልጆች ከወላጆቻቸው ተረክበው ይጠብቁታል፣ ያስፉታል። እቴቴ ብዙ ቆመው አዩት። «ጎተራ ነው» አሉ፤ ከዚያ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁለትም።

ከመንገዱ ዳር ደግሞ ደም የመሰለ ቅጠል በየቁጥቋጦው ላይ ይንጠለጠላል። በዚህ ምድር ከሁሉ አስቀድሞ በመጸው የሚቀላው ይህ ነው፤ ከሁሉም አይነኬ ነው። ስሙ ፖይዝን ኦክ ይባላል፤ ቅጠሉ ሦስት ሦስት እየሆነ ይወጣል፤ ቅባቱ ቆዳን አንዴ ከነካ ለቀናት ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ ልብስ ላይ ቀርቶም ሌላ ሰው ይነካል። በክረምት ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ ብቻ ሲቀር እንኳ መርዙ አይለቀውም። ከመንገድ አትውጡ የሚለው ምልክት ለተክሉ ብቻ ሳይሆን ለሰውም የተተከለ ነው።

በሌላ ቀን ኡሙንሁም ተራራ ላይ ወጣን። ቁመቱ 1,063 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ከግማሽ ያነሰ መሆኑ ነው፤ ነገር ግን ከባሕር ጠርዝ ስለሚነሣ ከጫፉ ላይ አገሩ ሁሉ ከእግር በታች ይውላል። ጫፉ ላይ መስኮት አልባ ትልቅ የሲሚንቶ ሕንፃ ቆሟል። ከ1958 እስከ 1980 የአሜሪካ አየር ኃይል የራዳር ጣቢያ ነበር፤ ሠራዊቱ ከወጣ በኋላ ሚድፔን ገዛው፤ ሆኖም አስቤስቶሱና የእርሳስ ቀለሙ ተጠርጎ፣ መንገዱ ተጠግኖ ለሕዝብ የተከፈተው በ2017 ነው። ለአማ ሙትሱን ነገድ ሰዎች ተራራው ቅዱስ ነው፤ ሲከፈትም ሥርዓታቸውን የሚያደርጉበት ክብ ስፍራ ጫፉ ላይ ተሠርቶላቸዋል። ስንወርድ አንድ ታራንቱላ መንገዱን ሲያቋርጥ አገኘን፤ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጠጉራም ሸረሪት ነው። በመጸው የሚንከራተተው ወንዱ ነው። ዓመታት ከመሬት ሥር ኖሮ ሲጎለምስ ሴት ፍለጋ ይወጣል፤ አግኝቷትም ሆነ ሳያገኛት ብዙ አይቆይም፣ ይሞታል። ሴቷ ግን በጉድጓዷ ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። የሚያልፉት ሰዎች ሁሉ ቆመው መንገድ ለቀቁለት።

በር ተከፈተ ሲባል ግን ሁሉም ይገባል ማለት አይደለም፤ ከሁሉ በላይ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚህ ነው። በዚያው አካባቢ የፓሎ አልቶ ከተማ በ1959 የገዛው 1,400 ኤከር ኮረብታ አለ፤ ያኔ ፉትሂልስ ፓርክ ይባል ነበር። ጎረቤት ከተሞች ለግዢው አላዋጣም በማለታቸው ከተማው በ1965 ሲከፍተው ለራሱ ነዋሪዎች ብቻ አደረገው። በር ላይ መታወቂያ ይጠየቅ ነበር፤ የከተማው ነዋሪ ያልሆነ ብቻውን ቢገባ በወንጀል ሊጠየቅ ይችል ነበር። ጥቁሮች በፓሎ አልቶ ቤት እንዳይገዙ ለአሥርት ዓመታት ተከልክለው ስለነበር ሕጉ ሳይናገር የሚያገልለው ማንን እንደሆነ ግልጽ ነው። በ2020 የመብት ተሟጋች ድርጅቶችና ነዋሪዎች ከተማውን ከሰሱት፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ከ50 ዓመት በላይ መቆየቱ ያሳዝነኛል።

በዚያው በ2020 ሌላ መንገድ ተከፍቷል፤ ይህኛው ከኮረብታው ሳይሆን ከባሕረ ሰላጤው ዳር ነው። ከፓሎ አልቶ አውራ ጎዳና ባሻገር ያለችው ኢስት ፓሎ አልቶ ጥቁሮች፣ ላቲኖችና የፓሲፊክ ደሴት ሰዎች የኖሩባት፣ ኑሮዋም ጠበብ ያለ ከተማ ናት። የባሕሩ ዳርቻ ደጃፏ ላይ ሆኖ ሳለ ረጅሙ የባሕረ ሰላጤ የእግር መንገድ እዚያ ሲደርስ ይቋረጥ ነበር። ሚድፔን በራቨንስዉድ ጥብቅ ስፍራ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድና ድልድይ ሠርቶ ገጠመው። አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ! ከዚያ በኋላ ሰው ከቤቱ በእግሩ ወጥቶ ወይም ብስክሌቱን ይዞ ያለ መኪና ይደርሳል። በጥቅምት ረግረጉ ላይ ያለው ጨው ወዳድ ተክል ቀይ ሆኖ ይነጠፋል፤ ከሰሜን የመጡ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ባሕሩ በሸሸበት ጭቃ ላይ ምግባቸውን ይለቅማሉ። ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ፣ ከሥራ መልስ የሚሮጥ ሁሉም ይታያል። ከኡሙንሁም ጫፍ ይልቅ ይህን መንገድ ወደድኩት።

ምክንያቱም ኮረብታው ላይ የሚወስድ አውቶቡስ የለም ማለት ይቻላል። በተራራው አናት ስካይላይን በሚባለው ጎዳና ላይ ጥብቅ ስፍራዎቹ ተከታትለው በራቸውን ከፍተዋል፣ ክፍያ የለም፣ ጠባቂው በፈገግታ ይቀበላል፤ መኪና የሌለው ግን አይደርስም። እቴቴ ልጃቸው ሥራ በምትገባበት ቀን ሁሉ ቤት ይውላሉ። በሳን ሆዜ ያሉ የሀገሬ ሰዎች ብዙዎቹ ሌት ተቀን መኪና እየነዱ ሌላውን ያደርሳሉ፤ ለራሳቸው ግን ወደ ኮረብታው የሚነዱበት ቀን አይተርፋቸውም። በሰንበት ቀን አንድ አውቶቡስ ከባቡር ጣቢያ ወደ ስካይላይን ቢመላለስ የ300 ሚሊዮን ዶላሩ ትርጉም በእጥፍ ይጨምር ነበር። መሬቱ የሕዝብ ነውና ይህን መጠየቅ መብት ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ የቦርድ ስብሰባም ለሕዝብ ክፍት ነው።

ኅዳር ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ይጥላል። ጭቃው እንዳይቦረቦር አንዳንዶቹ መንገዶች ለብስክሌትና ለፈረስ ይዘጋሉ፤ እግረኛ ግን ይሄዳል። በዚያ ዝናብ ኒውት የሚባለው፣ እንሽላሊት የሚመስል ሆዱ ብርቱካናማ የእንቁራሪት ዘመድ ከጫካው ተነሥቶ ሊራባ ወደ ሌክሲንግተን ግድብ ይወርዳል። በመካከል የመኪና መንገድ አለ፤ በየዓመቱ በሺዎች ይጨፈለቃሉ፤ በጎ ፈቃደኞች በዝናቡ ወራት እየሄዱ የሞቱትን ይቆጥራሉ። ከዚያው ግድብ አጠገብ የሚያልፈው ሃይዌይ 17 ደግሞ የፑማንና የአጋዘንን መኖሪያ ከሁለት ይከፍላል። ሚድፔን በዚያ ላይ ሁለት መሻገሪያ ለመሥራት አቅዷል፤ አንዱ ለአራዊት ከመንገዱ በታች፣ አንዱ ለእግረኛና ለብስክሌት ከመንገዱ በላይ።