ክፍቱ ተደፍኖ፣ ድፍኑ ተከፍቶ

በሲሲሊ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለችው ሲራኩስ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ ሦስት ቀን እንደቆየባት በሐዋርያት ሥራ የተጻፈላት ጥንታዊት ከተማ ናት። እምብርቷ ኦርቲጂያ በድልድይ ከየብስ ጋር የተያያዘች ትንሽ ደሴት ስትሆን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ይሁን እንጂ ካቴድራሉ፣ ማለትም የጳጳሱ መንበር ያለበት ዋናው ቤተ ክርስቲያን ጋ የደረሰ እግረኛ በዚያ ፍጥነት አያልፍም።

በካቴድራሉ ጎን ባለው ጠባብ መንገድ፣ ከግድግዳው ውስጥ ግዙፍ ዓምዶች ሆዳቸውን ገፍተው ወጥተው ይታያሉ። እነዚህ ዶሪክ የሚባሉት፣ መቆሚያ ሳይበጅላቸው በቀጥታ ከወለሉ የሚነሱና ቁመታቸውን ተከትሎ ቦይ የተፈለፈለባቸው ዓምዶች፣ የሲራኩስ ገዥ ጌሎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 የካርታጎን ከተማ ሰዎች ድል ካደረገ በኋላ የግሪኮች አምላክ ለነበረችው ለአቴና ያሠራው ቤተ ጣዖት አካል ናቸው። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስቲያኖች ሕንፃውን ሲወርሱ በዓምዶቹ መካከል የነበረውን ክፍተት በድንጋይ ደፈኑት፤ የጣዖቱ ማደሪያ የነበረውን የውስጠኛውን ክፍል ግድግዳ ደግሞ በቅስት በቅስት ፈልፍለው ከፈቱት። ምክንያቱም የግሪኩ ቤተ ጣዖት የአምላኩ ቤት እንጂ የሕዝብ መሰብሰቢያ ስላልነበረና መሥዋዕቱም በውጭ ይቀርብ ስለነበር፣ ምእመናንን ወደ ውስጥ ለሚጠራ ሃይማኖት ሕንፃው መገልበጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1693 ከደረሰው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ባሮክ በሚባለው ጌጠ ብዙ ስልት የተሠራው የፊት ገጽታ ያማረ ነው፤ ቢሆንም ታሪኩን የሚናገረው የጎኑ ግድግዳ ነው።

በድልድዩ አቅራቢያ ያለው የአፖሎ ቤተ ጣዖት ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። በየዘመኑ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ዳግመኛ ቤተ ክርስቲያን፣ ኋላም የስፔን ወታደሮች ሰፈር ሆኖ ካገለገለ በኋላ፣ የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቆፋሪዎች ግሪካዊውን ለማውጣት ሲሉ የኋለኛውን ግንባታ አብዛኛውን አነሡት። ዛሬ ጎብኚው በአጥር በኩል ጉማጅ ዓምዶችን ይመለከታል፤ ለአንድ ዘመን ተብሎ ሌሎቹን መሠዋት ለዕውቀት ያስገኘው ጥቅም ባይካድም፣ ዋጋው ውድ ነበር።

ወደ ዋናው መሬት ተሻግሮ ሽቅብ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የግሪክ ቲያትር ከአለት የተፈለፈለ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስፔናውያን የኦርቲጂያን ምሽግ ለመሥራት ጥርብ ድንጋዩን ሲያግዙት፣ ከአለቱ ጋር አንድ የሆኑት መቀመጫዎች ብቻ ሊነቀሉ ስላልቻሉ ቀሩ። እ.ኤ.አ. ከ1914 ወዲህ የጥንቶቹ ግሪኮች ተውኔቶች እዚያው ይቀርባሉ፤ በትርኢቱ ወቅት መቀመጫው እንዳይጎዳ በሳንቃ ስለሚሸፈን፣ ድንጋዩን ብሎ በዚያ ወራት የመጣ ጎብኚ የሚያየው እንጨት ነው።