ጣሪያ የሌላቸው የሃቫና መኪናዎች

ዛሬ በንባብ ሩቅ አገር እንሄዳለን። አገሯ ኩባ ትባላለች። ኩባ ደሴት ናት። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ነው። በጣና ሐይቅ ውስጥም ደሴቶች አሉ፤ ኩባ ግን እጅግ ትበልጣለች። የሸንኮራ አገዳ አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች እዚያ ተምረዋል። ዋና ከተማዋ ሃቫና ነው።

ሃቫና ስንደርስ ዓይናችን መኪናዎቹ ላይ ያርፋል። ቀይ፣ ሮዝና ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ትልልቅ የአሜሪካ መኪናዎች ናቸው። ሸቭሮሌ አለ፤ ፎርድ አለ፤ ቡዊክ አለ። ብዙዎቹ በ1950ዎቹ የተሠሩ ናቸው። በዕድሜ ሾፌሩን ይበልጡታል። ከነዚህም ብዙዎቹ ጣሪያ የላቸውም።

ለምን አሮጌ ሆኑ? በ1959 የኩባ አብዮት ድል አደረገ። በ1962 አሜሪካ ከኩባ ጋር ንግድ አቋረጠች። አዲስ የአሜሪካ መኪና ቀረ፤ መለዋወጫውም ቀረ። እስከ 2011 ድረስም ሰው እንደ ልቡ ሊሸጥና ሊገዛ የሚችለው ከአብዮቱ በፊት የገባ መኪና ብቻ ነበር። ስለዚህ መኪና ከአያት ለአባት፣ ከአባት ለልጅ ይወረስ ጀመር።

ጥገናውም የቤተሰብ ሥራ ነው። አባት ይበይዳል። ልጅ ዝገት ይፍቃል። አንዷ ወንበሩን ትሰፋለች። የቀድሞው ሞተር ሲሞት ከሌላ መኪና የናፍጣ ሞተር ይገጠማል። የጠፋ ዕቃ በእጅ ይቀረጻል።

ታዲያ ጣሪያው የት ሄደ? ጎብኚዎች በባሕሩ ዳር መንገድ ነፋስ እየተቀበሉ መሄድ ይወዳሉ። ለክፍት መኪና ጥሩ ዋጋ ይከፍላሉ። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ የአያቱን መኪና ጣሪያ ቆረጠ።

መቁረጡ ግን ቀላል እንዳይመስለን! ጣሪያ ጥላ ብቻ አይደለም። የመኪናውን ፊትና ኋላ አጥብቆ ይይዛል። የጎጆ ማገር ቢነቀል ግድግዳው ምን ይሆናል? መኪናም እንደዚያው ነው። ጣሪያው እንዲያው ከተቆረጠ ወገቡ ይጎብጣል፤ በሩም አይገጥምም። ስለዚህ ብልህ ባለሙያ መጀመሪያ የበሮቹን ክፍተት በብረት ይደግፋል። ከወለሉ ሥር ተጨማሪ ብረት ከሻንሲው ጋር ይበይዳል። መቁረጫውን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲጨርስ በሩን ይሞክራል። በሩ ሳይታገል ከተዘጋ ሥራው ሰመረ።

አንድ ነገር ግን አይመለስም። የተቆረጠ ጣሪያ እንደ ቀድሞው አይሆንም። በ2020 ወረርሽኝ መጣና ጎብኚ ጠፋ። ክፍቶቹ መኪናዎች ያለ ሥራ ቆሙ። ዝናቡና ፀሐዩ ግን አልቀረላቸውም። ጎብኚን አምኖ ጣሪያውን የቆረጠ ቤተሰብ ያን ጊዜ ተቸገረ። ባይቆርጥ ደግሞ በደጉ ዘመን ያገኘውን ገንዘብ ባላገኘ ነበር። ምርጫው እኮ ከባድ ነው!

ከዚህ ምን እንማራለን? አንድን ነገር ከመቁረጣችን በፊት ምን እንደ ተሸከመ እንይ። ሸክሙን የሚረከብ ሌላ ድጋፍም አስቀድመን እናቁም።

እንወያይ፦ መኪናው የእናንተ ቢሆን ጣሪያውን ትቆርጡት ነበር? ለምን?