ድንጋይ የነካው ስኪ ወዲያው አይጣልም

ወዳጆቼና የድሮ ተማሪዎቼ፣ ከልጄ ጋር በረዶ ላይ የተነሳነውን ፎቶ አይታችሁ «ሀበሻንና ስኪን ምን አገናኛቸው?» ያላችሁኝ አላችሁ። ሮቤል ተክለማርያም እኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ተወዳድሯል! ዴንቨር ለምንኖረውማ ተራራው ቅርባችን ነው።

የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ ጥገና ነው። እዚህ ኮሎራዶ እነ ላቭላንድና አራፓሆ ቤዚን ብዙ ጊዜ በጥቅምት ይከፈታሉ። ያኔ በረዶው ገና ስስ ነው፤ ድንጋዩ ከሥሩ አድፍጦ ይጠብቃል። ዘንድሮ የልጄን ስኪ አገኘው። በትምህርት ቤት ዕረፍት ሠርቶ ባጠራቀማት ብር የገዛው፣ ያገለገለ ስኪ ነው። «አባዬ፣ በቃ አለቀለት» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው «አለቀለት» ሲባል ዝም ብሎ አያምንም። ገልብጠን በመብራት አየነው። ጉዳቱ ሦስት ዓይነት ነበር።

አንደኛው ጥፍር እንኳ የማይዘው ጭረት ነው። እሱን ተዉት፤ ሰም ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጠለቅ ያለ፣ ግን ከፕላስቲኩ ያላለፈ ቦይ ነው። ይሄ ቤት ውስጥ ይሠራል። ስኪውን አድርቀን አጸዳን፤ የተንጠለጠለውን ቁራጭ በስለታም ምላጭ ቆረጥን። ከዚያ ፒ-ቴክስ የሚባለውን የፕላስቲክ ዘንግ እንደ ሻማ ለኩሰን ቦዩ ላይ አንጠባጠብን። ነበልባሉ ወደ ስኪው ቀረብ ካላለ ጥቀርሻ ይቀላቀልበታል። ጠብታው ቆዳ ያቃጥላል፣ ጭሱም ጥሩ አይደለም፤ ጓንት አድርጉ፣ የጋራዡን በር ክፈቱ። ከፍ አድርጋችሁ ሙሉት፤ ሲቀዘቅዝ በብረት መፋቂያ ደልድሉት። ድንጋይ የመታው የብረት ጠርዝ ሸካራ ከሆነ በአልማዝ ሞረድ ቀስ ብላችሁ አለስልሱት። በመጨረሻ ሰሙን በካውያ አቅልጣችሁ ቀቡት፤ ካውያው ሰሙን ካጨሰው ሙቀቱ በዝቷል።

ሦስተኛው ከጠርዙ አጠገብ ሆኖ ውስጡ ያለው እንጨት የታየበት ነው። ይሄ አይዋልበትም። ውኃ ይገባና ሲቀዘቅዝ ያብጣል፣ ጉዳቱ ይሰፋል። የፒ-ቴክስ ጠብታ ደግሞ እንጨትና ብረት ላይ በደንብ አይጣበቅም። ስለዚህ ወደ ባለሙያ ወሰድነው፤ የተጎዳውን ቦታ ቆርጦ በልኩ ለጠፈለት።

ልጄ እንዲይዝልኝ የፈለግሁት ይህን ነው። የሚተወውን፣ ራስህ የምትሠራውንና ለሚያውቅ የምትሰጠውን ሳትለይ «አለቀለት» አትበል። እናንተም ክፍል ውስጥ «ሒሳብ አልገባኝም» ስትሉኝ «የትኛው ጋ ነው የጠፋብህ?» እላችሁ አልነበር? ያው ነው።

ስኪ ያላችሁ ወገኖች፣ ቀጣዩ ቅዳሜ ሳይደርስ ገልብጣችሁ እዩት።