ስለ ሞተር ራስ ንጽሕና

ቤተ ሰቡን በመኪና የሚያስተዳድር ሰው ዛሬ በአገራችን ብዙ ነው። አንዱ በመኪናው ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመላለሳል፤ ሁለተኛው በመኪናው ጭኖ ይነግዳል፤ ሦስተኛውም መኪና ባይኖረው ልጆቹ የሚበሉት ሽንኩርትና ቲማቲም በሌላ ሰው መኪና ይመጣለታል። እንግዲህ የሞተር ነገር የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ነገር ስለ ሆነ፥ በዚህ ገጽ ስለ እርሱ ጥቂት ቃል መናገር ከቦታው የወጣ አይመስለኝም።

እኔ በአዳማ ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምኖር ሰው ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ባለቤትዋ የሞተባት ታናሽ እኅቴ ሦስት ልጆችዋን የምታሳድገው በአንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ስለ ሆነ፥ መኪናዪቱ በተበላሸች ጊዜ ሁሉ ከእርስዋ ጋራ ጋራዥ እውላለሁ። በዚያም በዐይኔ ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ለክቡራን አንባብያን እገልጣለሁ።

መካኒኮቻችን የሞተርን የላይኛውን ክፍል ቴስታታ ይሉታል። ቃሉ ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ቴስታ ማለት ራስ ማለት ነው። ይህ ራስ ፒስቶን ከሚመላለስበት ጉድጓድ በላይ ተከድኖ በቡሎን የሚታሰር ሲሆን፥ ቫልቮላዎች በእርሱ ላይ ይገኛሉ፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃና የሚያለሰልሰው ዘይትም በየራሳቸው መንገድ በውስጡ ያልፋሉ። በራሱና በታችኛው አካል መካከል ጓርኒሲዮን የሚባል ስስ ንጣፍ ይገባል። የንጣፉ ሥራ እሳቱና ውሃው፥ ዘይቱም፥ እርስ በርሳቸው እንዳይገናኙ መጠበቅ ነው። እነዚህ ሦስቱ የተገናኙ እንደ ሆነ፥ ዘይቱ እንደ ወተት ይነጣል፤ ከጭስ ማውጫውም ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ የባለ መኪናውም ኪስ ይራቆታል።

በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የእኅቴ መኪና ከመተሐራ ሽንኩርት ጭና ወደ አዳማ ስትወጣ ወለንጪቲ ሳትደርስ ሞተርዋ ፈላ። መተሐራ ከባሕር ወለል በላይ 950 ሜትር ያህል ስትሆን፥ አዳማ 1,600 ሜትር ያህል ናት፤ ስለዚህ ሸክም ይዞ በቈላው ሐሩር ዳገቱን መውጣት ለሞተር ፈተና ነው። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ትምህርት መምህራችን ውሃ በከፍታ ቦታ ቶሎ እንደሚፈላ ያስተምሩን ነበር። በእውነትም በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዳማ ከፍታ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያቶር ክዳን ውሃውን አፍኖ ቶሎ እንዳይፈላ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ሾፌሩ ግን ላልቶ የነበረውን ክዳን ሳይለውጥ ቀርቶ፥ ውሃ ባጠረውም ጊዜ ከበሰቃ ሐይቅ እየቀዳ ይጨምር ኖሮአል። የበሰቃ ውሃ ጨውና ሶዳ የበዛበት ስለ ሆነ አልሙኒየምን ይበላል፤ በውሃው መንገድም ደለል እየተወ ያጠበዋል።

ሾፌሩ መኪናዪቱን በመንገድ ወዳገኘው ጋራዥ አስገባት። በዚያም አሮጌውን ጓርኒሲዮን በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ሸካራ ዲስክ ፍቀው፥ ትቢያውን በአፋቸው እፍ ብለው፥ በዚያው ማታ ገጠሙት። ሥራው ፈጣን ስለ ነበረ ሁላችንም ደስ አለን። ይሁን እንጂ በ12ኛው ቀን ሞተሩ እንደ ገና ፈላ።

ከዚህ በኋላ እኅቴ በአዳማ ወደሚገኙ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ ወሰደቻት። እርሳቸውም ሞተሩን ከፍተው ሁለት ነገር አሳዩን። መጀመሪያ፥ ዲስኩ ለስላሳውን አልሙኒየም እየቦረቦረ በፊቱ ላይ ለዐይን የማይታዩ፥ በጣት ግን የሚታወቁ ጐድጓዳ ቦታዎች ትቶ ነበር። ሁለተኛም፥ የዲስኩ ትቢያ ከዘይቱ ጋራ ወርዶ ብሮንዚናውን ፍቆት ነበር። ይህ የአንድ መካኒክ አስተያየት ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ እንዲህ ያለ ዲስክ የሚያራግፈው የአልሙኒየም ኦክሳይድ ትቢያ ወደ ዘይቱ ገብቶ ብሮንዚናን እንደሚያበላሽ ገልጦ የጥገና ሠራተኞችን በጽሑፍ አስጠንቅቆአል።

ሽማግሌው ለሥራው ሦስት ቀን እንደሚያስፈልግ፥ ከሦስቱም አንዱ ቀን ለማጠብ ብቻ እንደ ሆነ ተናገሩ። እኅቴ ከነጋዴ ገንዘብ ተቀብላ በነጋታው ልትጭንለት ቃል ገብታ ስለ ነበር እጅግ ተጨነቀች።

«ጋሼ፥ ነገ ማታ ገጥመው ቢሰጡኝ ነጋዴው አይቀየመኝም ነበር» አለቻቸው።

«ልጄ፥ ነጋዴው ቢቀየም ሽማግሌ ተልኮ ይታረቃል፤ ይህ ብረት ቆሽሾ ከታሰረ ግን በማን ሽማግሌ ይታረቃል?» አሉአት።

እኅቴ ዝም ብላ ቈየችና ተስማማች። የነጋዴው ጭነት በሌላ መኪና ሄደ፤ ትርፉም ቀረባት። የልጆቹን የትምህርት ቤት ገንዘብ ለመክፈል የዕቁብ ጓደኞችዋን ተራ ለምና ተበደረች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ሌላ ሰው ሲናገረው መስማት ቀላል ነው፤ ልጆች ይዞ መታገሥ ግን ከባድ መሆኑን በዚያን ቀን አየሁ።

የአስተጣጠቡም ሥርዐት እንዲህ ነበረ። ቴስታታው አስቀድሞ ወደ ቶርኖ ቤት ተልኮ ስንጥቅ እንደሌለበት ተመረመረ፤ ጐድጓዳውም ፊት ተላገ። ከዚያም በፊቱ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድመው ከሥሩ የሚገባውን ክፍተት ለኩ፤ በብዙ ትናንሽ ሞተሮች የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከራስ ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። በታችኛው አካል ላይ የተጣበቀውን የጓርኒሲዮን ቅሬታ በማለስለሻ ፈሳሽ አርሰው በእንጨትና በፕላስቲክ መፋቂያ አነሡት። ሾፌሩ በገበያ የሚሸጠውን ኮስቲክ ሶዳ አፍልተን እንንከረው ቢል፥ ሽማግሌው ኮስቲክ ሶዳ ለብረት ቢስማማ አልሙኒየምን እንደሚያቀልጥ ነግረው ከለከሉት።

የውሃው መንገድ ደለሉ እስኪወጣ ድረስ ታጠበ። የፒስቶኖቹ ጉድጓዶች በንጹሕ ጨርቅ ተደፍነው፥ የቡሎኖቹ ቀዳዳዎች በአየር ተነፍተው ደረቁ። በቡሎን ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት የቀረ እንደ ሆነ፥ ቡሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ አካሉን ሊሰነጥቀው ይችላልና። ስለ አዳማ ነፋስም የሚያውቅ ያውቃል፤ በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት፥ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተመረቁት በዚሁ ነፋስ ነው። ነፋሱ የሚያመጣው ትቢያም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ ሸካራ ነውና፥ ሽማግሌው በሩን ዘግተው መሬቱን ውሃ አረከፈከፉበት። በመጨረሻ ሁለቱን ፊቶች የማይቦንን ጨርቅ በማጽጃ እያራሱ፥ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ወለወሉ። እጃቸውንም በሳሙና ታጥበው ጓርኒሲዮኑን ከመጠቅለያው ያወጡት ያን ጊዜ ነው። ቡሎኖቹንም ከመካከል ጀምረው ወደ ዳር፥ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው፥ በሚለካ ቁልፍ አጠበቁ።

ይህን ሳይ የቤተ ክህነት ትምህርቴ ትዝ አለኝ። ብራና ሲዘጋጅ ቆዳው ተወጥሮ ጠጉሩና ስቡ ይፋቃል፤ በቀላል እሳተ ገሞራ ድንጋይም ይታሻል። ስብ በቀረበት ቦታ ቀለም አይዝም፤ ጸሐፊው እጁ የቱንም ያህል ቢያምር ፊደሉ ይፈስሳል። ጓርኒሲዮንም እንዲሁ ነው፤ ዘይትና ትቢያ በቀረበት ፊት ላይ አይዝም። አንባቢ የሚያመሰግነው ፊደሉን ነው፤ ባለ መኪናም የሚያመሰግነው ሞተሩ የተነሣበትን ሰዓት ነው። የፋቀውንና ያጠበውን ግን የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው።

መኪናዪቱ በሦስተኛው ቀን ማታ ተነሣች፤ እኅቴም ብድርዋን እስከ ሰኔ ከፈለች። ሾፌሩ አሁን የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ በጀሪካን ይዞ ይሄዳል፤ ወደ በሰቃም አይወርድም።

ቤድ ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን ኦቶሞቢል ካመጣ ወዲህ በመኪና መሄድን ሁላችን ተምረናል፤ ለማጠቢያው ቀን መክፈልን ግን ገና አልለመድንም። በተለይ በመሥሪያ ቤታችሁ ብዙ መኪና የምታስተዳድሩ ሹማምንት፥ እንዲሁም የቤታችሁን መኪና ወደ ጋራዥ የምትልኩ ክቡራንና ክቡራት፥ ሒሳብ ስትጠይቁ «ስንት ቀን ቀነሳችሁልን?» ከማለት አስቀድማችሁ «ፊቱን በምን አጸዳችሁት? የቡሎኑን ቀዳዳስ አደረቃችሁት?» በሉ። ለማጽዳት አንድ ቀን የጠየቀውን መካኒክም እንደ ሰነፍ አትቍጠሩት፤ ያን ቀን ከከለከላችሁት ኋላ ለአዲስ ሞተር ዋጋ መክፈላችሁ አይቀርም።